ፊልሙን የት እናሳየው? ሰፈርን ለአየር ንብረት ሥራ ለማነሣሣት አራት የኦንላይን ዘጋቢ ፊልም ማሳያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አንድ እድር፣ የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወይም በውጭ ያለ የሀበሻ ኮሚዩኒቲ ዘጋቢ ፊልም በኢንተርኔት ለማሳየት ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዙም ይሻላል ወይስ ዩቲዩብ?» ነው። ጥያቄው ከመሃል ይጀምራል። ፊልም አይቶ ከንፈሩን የሚመጥ ብዙ ነው፤ አካፋ ይዞ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። እዚህ ያሉትን አራት መንገዶች የምንመዝናቸውም በዚህ ነው፤ ያቺን ግማሽ ሰዓት የትኛው ይጠብቃታል፣ የትኛው ያባክናታል?

መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ፊልሙ

ሰዉ ከፊልሙ በኋላ እንዲሠራ የምትፈልጉት አንድ ነገር ይኑር። ሁለትም አይሁን። ያ ሥራ ደግሞ ወቅት አለው። ችግኝ ተከላ ከሆነ ፊልሙ መታየት ያለበት በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ ጉድጓዱ ከተከላው አንድ ወር ያህል ቀድሞ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ አፈሩ መናፈስ አለበትና። በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 ጉድጓድ ይወስዳል። ሃምሳ ሰው ቢወጣ ለእያንዳንዱ 50 ጉድጓድ ይደርሰዋል፤ ይህ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አይደለም። ሂሳቡን ከዝግጅቱ በፊት የሠራ አስተባባሪ «አንድ ሄክታር» ከማለት «ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ወንዙ ያለውን» ይላል።

ሥራው የውሃ መውረጃ ቱቦ ማጽዳት ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ሳያልቅ ይታይ። የእርከንና የተፋሰስ ሥራ ከሆነ ገበሬው ለዘመቻ ከሚወጣበት ከጥር በፊት ይሁን። ኮምፖስትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወር አይመርጡም። በጥቅምት የታየ የደን ፊልም ግን ሐምሌ እስኪደርስ ማንም አያስታውሰውም።

ፊልም ስትመርጡ ቅርብ የሆነውን አስቀድሙ። የዋልታ በረዶ ሲቀልጥ የሚያሳይ ፊልም ዓይን ይይዛል፤ የኮልፌ ነዋሪ ግን አይቶት ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን በመግረዝና በመጠበቅ እንዴት እንደተመለሰ፣ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ ካብ እንዴት እንደተከለሉ፣ ወይም የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ በደረቀ መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ በመጨመር እንዴት ደን እንዳበቀለ የሚያሳይ ፊልም የተመልካቹ እጅ የሚያውቀውን ሥራ ያሳያል። ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ለቴሌቪዥን የሚዘጋጀው የ52 ደቂቃ ቅጂም ያስኬዳል። 90 ደቂቃ ከሆነ ውይይቱን እርሱት።

ፈቃድ፦ ብዙ ዝግጅት የሚደናቀፍበት ቦታ

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ስለተገኘ አውርዶ በፍላሽ ማደል ወይም በራስ ቻናል መልሶ መጫን ይቻላል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓም ሕጉ ጥብቅ ነው። ሕጋዊዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ባለቤቱ ለጋራ ጥቅም በክፍት ፈቃድ (ክሬቲቭ ኮመንስ) የለቀቀው ፊልም። ሁለተኛ፣ ፊልም ሠሪው ወይም አከፋፋዩ በተመልካች ብዛት የሚሸጠው የማኅበረሰብ ማሳያ ፈቃድ። ሦስተኛ፣ በቀጥታ ጽፎ መጠየቅ፤ ይህ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይሠራል፣ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ሥራቸው በገጠር ቀበሌ እንዲታይ ይፈልጋሉና። ከዝግጅቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ጻፉ፤ ደብዳቤውም አጭር ይሁን። ቀኑን፣ የተመልካቹን ግምት፣ መግቢያው ነፃ መሆኑን፣ የምታሳዩበትን መንገድ ግለጹ፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ለማስገባት ፈቃድ ጠይቁ፤ ፋይሉ እንዲላክላችሁም ለምኑ። የጽሑፉን ፈቃድ የሚረሳ ብዙ ነው፤ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ኔትፍሊክስ ላይ ካሉት አንዳንድ ዘጋቢ ፊልሞች ለትምህርት አንድ ጊዜ እንዲታዩ ፈቃድ የተሰጠባቸው አሉ። ይህ ግን ከአባሉ አካውንት ለአንድ ክፍል ሰው ማሳየትን እንጂ በዙም ማሠራጨትን አይጨምርም። ቢሞከርም የቅጂ መከላከያው ምስሉን ስለሚሸፍነው ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ብቻ ያያል።

መንገድ አንድ፦ ዙም ላይ ስክሪን ማጋራት

ሁሉም የሚያውቀው መንገድ ነው። ጥሩ ጎኑ ፊልሙና ውይይቱ አንድ ቦታ ላይ መሆናቸው ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሰዉ የትም ሳይሄድ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ስድስት ስድስት ሆኖም ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይገባል። ደካማ ጎኑ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ኮምፒውተርና በአንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ነፃው አካውንት 100 ሰው ይይዛል፣ በ40 ደቂቃ ግን ይዘጋል። የ52 ደቂቃ ፊልም ስታሳዩ መጨረሻው ሳይታይ ሁሉም ይወጣል፤ ግማሹም አይመለስም። ለአንድ ወር ብቻ የሚከፈልበትን አካውንት መግዛት ወይም 20 ደቂቃ የሚሆን ፊልም መምረጥ ነው መፍትሔው። የጉግል ሚት ነፃ አገልግሎት ለቡድን 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለአጭር ፊልም ይበቃል።

የዙም ትልቁ ጥፋት ድምፅ ነው። ስክሪን ማጋሪያው ሲከፈት ከታች ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ የኮምፒውተሩን ድምፅ ለማጋራት፣ ሌላው ለቪዲዮ እንዲመች ለማስተካከል። ሁለቱም ምልክት ካልተደረገባቸው ተመልካቹ ፊልሙን ያለ ድምፅ ያያል፤ ወይም ድምፁ በአስተባባሪው ማይክ በኩል ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል፤ ምስሉም እንደ ስላይድ እየዘለለ ይሄዳል። ከዚህ የሚሻለው ፋይሉ በእጅ ካለ ብሮውዘር ውስጥ ከማጫወት ይልቅ በማጋሪያው የላቁ አማራጮች ሥር ያለውን ቪዲዮ የማጫወት ምርጫ መጠቀም ነው። ኤምፒ4 ፋይሉን ዙም ራሱ ያጫውተዋል፤ ማሳወቂያም ሆነ የቴሌግራም መልእክት መሃል ላይ አይወጣም።

የአስተባባሪው ኢንተርኔት ወደ ላይ የሚልከው (አፕሎድ) ቢያንስ 3 ሜጋቢት በሰከንድ ይሁን። የፍጥነት መለኪያ ስትጠቀሙ ሰዉ የሚያየው ዳውንሎዱን ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ተመልካቹ ቢበዛም አስተባባሪው የሚልከው አንድ ጊዜ ስለሆነ የሰዉ ቁጥር እሱን አይጎዳውም። ተመልካቹ ግን ለዳታው ይከፍላል። ለማስላት ቀላል ነው፤ አንድ ሜጋቢት በሰከንድ ለአንድ ሰዓት ሲፈስ 450 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ሰዓት ተኩል ፊልምና ውይይት 675 ሜጋባይት ነው፤ የሌሎች ሰዎች ካሜራ ሲጨመርበት ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን መጥሪያው ላይ ጻፉት። «ነፃ ነው» ተብሎ የተጠራ ወጣት ፓኬጁ መሃል ላይ ሲያልቅበት ሁለተኛ አይመጣም።

ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት ሙከራ አድርጉ። ሙከራው ግን ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ሳይሆን ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ሰፈር ባለ አንድ ሰው ስልክ ላይ ይሁን። እሱ ስልክ ላይ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ከቻለ ሌላውም ይችላል።

መንገድ ሁለት፦ ዩቲዩብ ፕሪሚየርና ላይቭ

ብዙ ሰው ለመድረስ ዩቲዩብን የሚያህል የለም። ምስሉ እንደየሰዉ ኔትወርክ ራሱ ዝቅና ከፍ ይላል፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው በ144 ወይም በ240 የምስል ጥራት ማየት ይችላል፤ አካውንትም አይጠየቅም። ፕሪሚየር ማለት ቪዲዮው አስቀድሞ ተጭኖ በተቀጠረለት ሰዓት ለሁሉም እኩል መጀመሩ ነው፤ ከጎኑ የጽሑፍ ቻት ይከፈታል። ፋይሉ ቀድሞ ስለተጫነ በዕለቱ የእናንተ መብራት ቢጠፋም ፊልሙ አይቆምም። ለዚህ ነው ፕሪሚየርን ከላይቭ የምናስበልጠው።

ወጥመዶቹ ግን ትንንሽና ተንኮለኛ ናቸው። አዲስ ቻናል በስልክ ቁጥር መረጋገጥ አለበት፤ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት አትጀምሩት። ሲጫን «ለሕፃናት የተሠራ» የሚለው ከተመረጠ ቻቱ ይዘጋል፤ በአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስም የሚጫን ቪዲዮ ላይ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። በፊልሙ ውስጥ ያለ ሙዚቃ የሌላ ባለመብት ከሆነ ዩቲዩብ ራሱ ሊያግደው ይችላል፤ ፊልም ሠሪው ፈቅዶላችሁም ቢሆን። ፋይሉን ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ በግል ሁኔታ ጭናችሁ የቅጂ መብት ምርመራውን ውጤት እዩ። ፈቃዱ ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ፕሪሚየሩ ሲያልቅ ቪዲዮው እዚያው ስለሚቀር በዚያው ሌሊት ዝጉት።

የዩቲዩብ ትልቁ ጉድለት ከቴክኒክ አይደለም። ፊልሙ ሲያልቅ ዩቲዩብ ሌላ ቪዲዮ ያቀርባል፤ ሰዉም ይሄዳል። ቻቱ ላይ «አሜን»፣ «በርቱ»፣ የእጅ ምልክት ይዘንባል፤ በስሙ ቆሞ «እኔ እመጣለሁ» የሚል ግን አይገኝም። ዩቲዩብ ለማስተዋወቅ ነው፤ ለሥራ ለመመዝገብ አይሆንም። ከተጠቀማችሁበት ቪዲዮው ከማለቁ በፊት ከማብቂያ ጽሑፉ ላይ የቴሌግራም ግሩፕ አድራሻና ኪውአር ኮድ ለ20 ሰከንድ አስገቡ፤ ያ ካልሆነ ሰዉን የምታገኙበት ሌላ መንገድ የላችሁም። (ቴሌግራም ራሱ ቻናል ላይ ላይቭ ማሠራጨት ይፈቅዳል፤ ባሕርዩ ከዩቲዩብ ላይቭ ብዙ ስለማይለይ ለብቻው አናየውም።)

መንገድ ሦስት፦ ፊልሙ በየቤቱ፣ ውይይቱ በአንድ ሰዓት

ሊንኩ ወይም ፋይሉ ከሦስት ቀን በፊት ይላካል፤ እያንዳንዱ በፈለገው ጊዜ፣ ሌሊት ዳታ በሚረክስበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ያያል። ከዚያ በቀጠሮ የ40 ደቂቃ ውይይት ብቻ። ነፃው ዙም ለዚህ ይበቃል። ማንም በማንም ኢንተርኔት አይንጠለጠልም፤ በፈረቃ ለሚሠሩ፣ በባሕረ ሰላጤ አገሮች በቤት ሥራ ላሉ እህቶች፣ ሰዓቱ ለማይገጥም ዳያስፖራ የሚሆነው ይኸው ነው።

ቴሌግራም በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ይህን ያህል ግን አያስፈልጋችሁም። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ፋይሉን ወደ ኤምፒ4፣ ኤች 264፣ 480 መስመር ቀይሩት። ምስልና ድምፁ ተደምሮ በሰከንድ 900 ኪሎቢት ከሆነ የ52 ደቂቃ ፊልም 351 ሜጋባይት ይሆናል። በ720 መላክ ለስልክ ተመልካች የሚጨምረው ጥራት የለም፤ የሚጨምረው ወጪ ነው።

ድክመቱ ይታወቃል፤ የሚያየው ሁሉም አይደለም። ከተላከላቸው ግማሹ አይተው ከመጡ ጥሩ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ ውይይቱንም ለዚህ አዘጋጁት፤ ከፊልሙ ዋና ዋናውን የሦስት ደቂቃ ቁራጭ መጀመሪያ ላይ አሳዩ። ያላየው እንዳያፍር፣ ያየውም እንዲያስታውስ ነው። ፋይል ማሠራጨት ደግሞ ከሁሉም መንገዶች ጠንከር ያለ ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንዴ ቴሌግራም ላይ የወጣ ፋይል አይመለስም። ፈቃዱ ይህን ካልጨመረ የፊልም ሠሪውን የራሱን ሊንክ ላኩ።

መንገድ አራት፦ ትንንሽ ቡድኖች በአካል፣ ውይይቱ በኢንተርኔት

እኛ ይህን እንመርጣለን፤ ድካሙ ብዙ ቢሆንም። አምስት ወይም ስድስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ሰው፦ አንድ ሳሎን፣ የእድር ድንኳን፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ቪዲዮ ቤት፣ በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአንድ ቤተሰብ ምድር ቤት። ፊልሙ በየቦታው ከፍላሽ ይታያል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለውይይቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ቦታ አንድ ስልክ። ኔትወርክ ቢቆም ፊልሙ አይቆምም፤ ዳታ ደግሞ ለአስራ አምስት ሰው በአንድ ሰው ይሸፈናል። ከሁሉ በላይ ሰው ጎረቤቱ እያየው «እመጣለሁ» ሲል ይመጣል።

ፍላሹ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ቴሌቪዥኑ ፍላሹን ካላነበበው በፋት 32 ፎርማት አድርጉት፤ በዚህ ፎርማት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። ምስል መጥቶ ድምፅ ከጠፋ ድምፁ ቴሌቪዥኑ በማይደግፈው ፎርማት ተቀርጿል ማለት ነው፤ ወደ ኤኤሲ ቀይሩት። የአማርኛ ጽሑፉ ለብቻው ፋይል ሆኖ ከተቀመጠ ብዙ ቴሌቪዥኖች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ የምስሉ አካል ሆኖ (ምስሉ ላይ «ተቃጥሎ») ይግባ፤ ሃንድብሬክ ይህን ያደርጋል። ሙሉውን ፊልም ከመቀየራችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ቀይራችሁ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ እዩት።

መብራትን አስቡ። ተራ ፕሮጀክተር 250 ዋት፣ ላፕቶፕ 60፣ ድምፅ ማጉያ 50፤ ተደምሮ 360 ዋት ነው። ለሁለት ሰዓት 720 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ አይወሰድም፤ ስለዚህ 600 ብቻ ነው ያላችሁ፣ ፊልሙም ውይይቱ መሃል ላይ ይጠፋል። በፕሮጀክተሩ ፋንታ ወደ 100 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከተጠቀማችሁ (ፊልሙ ከፍላሽ ስለሚሄድ ላፕቶፑም አያስፈልግም) 150 ዋት፣ ለሁለት ሰዓት 300 ይሆናል፤ ባትሪው በምቾት ይችለዋል። ለ15 ሰው ቴሌቪዥን ይበቃል።

ቦታዎቹ ፊልሙን በሰከንድ እኩል ለመጀመር አይጨነቁ። ሁሉም በራሱ ጀምሮ በቀጠሮው ደቂቃ በዙም ይገናኙ። በአንድ ክፍል ሁለት ስልክ ማይኩ ተከፍቶ ከገባ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ አንዱ ብቻ ይግባ። እያንዳንዱ ቦታ በአንድ ተወካይ በኩል ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ ስድስት ቦታ 18 ደቂቃ ነው።

በየቦታው ቡና ይፈላ። ማዕዛ ለማብዛት ብቻ አይደለም፤ ሦስቱ ዙሮች ውይይቱን ያለ አጀንዳ ይመሩታል። አቦል ላይ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳዩ ያውሩ፤ ቶና ላይ ስለዚሁ ሰፈር፤ በረካ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ። ቡና አፍይዋም ተሰብሳቢ ስለሆነች ፊልሙን እንድታይ ውሃው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ይጣድ።

ሰዓት፦ አገር ቤትና ውጭ ባንድ ላይ

መጥሪያ ላይ «ማታ 2 ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ በዋሽንግተን ያለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 02፡00 ያስነሣዋል። «በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ ከሥሩም የየከተማውን ሰዓት ዘርዝሩ።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓትን እንውሰድ። ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ እኩለ ቀን ነው። በጀርመንና በጣሊያን 19፡00 ወይም 18፡00፣ በሪያድ እኩል 20፡00፣ በዱባይ 21፡00 ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚቀይሩበት ሳምንት ስለማይገጥም በመጋቢት አጋማሽ ዝግጅት ካለ ስሌቱን እንደገና ሥሩት። በእስራኤል ሰንበት ለሚያከብሩ ቤተ እስራኤላውያን በጥርና በየካቲት ይህ ሰዓት ይመቻል፤ በሰኔ ግን 20፡00 ላይ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ገና ስላልወጣ ወደ ማታ 3 ሰዓት ተኩል መግፋት ይገባል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ለቅዳሴ ሰው የሚሄድበት ስለሆነ በአገር ቤትም በአሜሪካም ተዉት።

ከሥር የሚገባው አማርኛ

ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ አንዱ መስመር ከ30 ፊደል አይለፍ፣ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይቆይ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ስልክ ላይ በደንብ ይነበባል፤ ቀጫጭን ፊደሎች ነጭ ሰማይ ላይ ስለሚጠፉ ጥቁር ጥላ ይኑራቸው።

ከቴክኒኩ የከበደው ቋንቋው ነው። ተራኪው ስለ ካርቦን ሲናገር «የካርቦን የማከማቸት ሂደትን ያሳድጋል» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አያነበውም። «ዛፉ ከአየር ላይ ካርቦን እየሳበ በግንዱና በሥሩ ያስቀራል» ቢባል አያትም ልጅም ይገባቸዋል። ማንበብ የማይችሉ ተመልካቾች ካሉ ጽሑፉን ተዉትና አንድ ጥሩ አንባቢ በድምፅ ተርጉሞ ይቅዳ፤ የፊልሙ ድምፅ ከሥሩ ዝቅ ብሎ ይሰማ። ወይም በመንገድ አራት ከሆነ አስተባባሪው በየአምስት ደቂቃው አቁሞ ይናገር። የፊልም ሰዎች ቢቆጡም ለገበሬ ሰፈር ይህ ይሻላል።

ያቺ ግማሽ ሰዓት

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ «ፊልሙን እንዴት አያችሁት?» የሚለው ጥያቄ ሙገሳ ብቻ ያወጣል። ጥያቄው ቦታ፣ ቀንና ዕቃ ይኑረው። «እትዬ፣ ከእርስዎ በር ፊት ያለው ቱቦ ባለፈው ክረምት የሞላው በምን ነበር?» ብሎ የጀመረ አስተባባሪ መልሱን ያውቀዋል፤ ሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ይሻገራል፤ «እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት አካፋ ይዞ የሚመጣ ማነው? ጋሼ፣ የእድሩን ጋሪ ማስፈቀድ ይችላሉ?» አንድ ሰው ጋሪ፣ አንዱ ጓንት፣ አንዷ ውሃ ከያዙ ዝግጅቱ ተጀምሯል።

ቃሉ በጽሑፍ ይያዝ። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ቻናል ላይ ሲሆን ስም አይታይም፤ ግሩፕ ላይ ግን ስም የሚታይበት አድርጎ መክፈት ይቻላል። ሁለተኛውን ምረጡ። አማራጮቹ «እደግፋለሁ» የሚል አይኑርባቸው፤ «አካፋ ይዤ እመጣለሁ»፣ «ጠዋት አልችልም፣ ከሰዓት እመጣለሁ»፣ «ዕቃ አውሳለሁ» ይበቃል። ፊልሙ በታየ በሰባት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ካልተሠራ የተነሣሣው ሰው ይበርዳል፤ ዓርብ ማታም አስታዋሽ መልእክት ይላክ።

በውጭ ያሉ ተመልካቾች ሁልጊዜ ገንዘብ ብቻ እንዲጠየቁ አታድርጉ። አንዱን የዋሽንግተን ቡድን ከአንድ የደሴ ወይም የጎንደር ቡድን ጋር አጣምሩ፤ የተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደጸደቀ በመስከረም ፎቶ ይላክላቸው፤ እነሱም በሰፈራቸው የሚሠሩት አንድ ነገር ይኑራቸው።

የቱን ልምረጥ?

ከ30 በታች የሆኑ፣ ሁሉም ዋይፋይ ያላቸው፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ከሆኑ ዙም በቂ ነው፤ ፊልሙ ግን አጭር ይሁን። ተመልካቹ የማይታወቅና ብዙ ከሆነ፣ ዓላማውም ስለ ጉዳዩ እንዲሰማ ብቻ ከሆነ ዩቲዩብ ፕሪሚየር። በሰዓት የተበታተኑ የዳያስፖራ አባላት ወይም ፈረቃ ሠራተኞች ከሆኑ በየቤቱ አይተው ይገናኙ። አንድ ቀበሌ፣ አንድ እድር፣ አንድ ትምህርት ቤት የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ትንንሽ ቡድኖች፤ አስተባባሪ በየቦታው ማግኘት ካልቻላችሁ ግን ስድስቱን ቦታ ሁለት አድርጉት እንጂ ወደ ዙም አትመለሱ።

ሁለት መንገዶችን ማቀላቀልም ይቻላል። የሦስት ደቂቃውን ማስታወቂያ ዩቲዩብ ላይ ለቅቃችሁ ሙሉውን ፊልም በቡድኖቹ ብቻ ማሳየት ከሁሉም ጥምረት የተሻለ ነው፤ ለፈቃዱም ይቀላል፣ ፊልም ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ አይከለክሉምና።

መብራት ወይም ኔትወርክ የሚጠፋበትን ዕለት ደግሞ ከአሁኑ አስቡት። ዙም ላይ ከሆናችሁ ሁለተኛ ሰው (የሚከፈልበት አካውንት ካላችሁ ተባባሪ አስተናጋጅ ተደርጎ) ያው ፋይል በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይኑረው፤ ከሌላ ሰፈርና ከሌላ ኔትወርክ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ከወደቀ እሱ ካቆመበት ደቂቃ ይቀጥላል። ደቂቃው እንዳይጠፋ አንድ ሰው በየአሥር ደቂቃው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «20»፣ «30» እያለ ይጻፍ።